«ለሁሉም» የተባለው ተሽከርካሪ፦ አሽከርካሪውና ዐይነ ስውሩ ተሳፋሪ በታሪክ ሂደት

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ገለጻ መድረክ፣ የነጭ በትር ቀን በሚታሰብበት ሳምንት የቀረበ ንግግር ግልባጭ)



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርእሰ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ከታሪክ መድረክ ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገሥታት፣ ጦርነቶችና ውሎች በሚነገሩበት አዳራሽ ስለ አውቶቡስ ነጂና ስለ ዐይነ ስውር ተሳፋሪ ማውራት ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም። ሆኖም አንድ ማኅበረሰብ ዜጋውን እንዴት እንደሚቈጥር ለማወቅ የሚሻ ሰው የአዋጅ መዝገቡን ካገላበጠ በኋላ ፌርማታ ላይ ጥቂት ቢቆም ብዙ ይማራል። እኔ የተማርሁት እዚያ ነው፤ የተማርሁትም በጥፋቴ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የመኝታ ክፍል የሚጋራኝ አንድ ዐይነ ስውር ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከስድስት ኪሎ አብረን አውቶቡስ ተሳፈርን። እርሱ መርካቶ ዘመዱን ሊጠይቅ፣ እኔ ደግሞ ፒያሳ ለጉዳይ። አውቶቡሱ ሲመጣ ብብቱ ሥር ይዤ ወደ ላይ ገፋሁት። ትኬት ቆራጩ «የት ነው የሚወርደው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ እኔም በእርሱ ፈንታ መለስሁ። ፒያሳ ልወርድ ስል ወደ ነጂው ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ልጅ መርካቶ ሲደርስ ይንገሩት» አልሁ። ነጂው አንገቱን ነቀነቀልኝ። አደራዬን የተወጣሁ መስሎኝ ወረድሁ።

ጓደኛዬ ወደ ክፍላችን የተመለሰው ከመሸ ነው። ነጂው ረስቶት መርካቶን አልፎ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ከተማው ዳርቻ ወስዶት ኖሯል። «ለምን አልጠየቅህም?» አልሁት። «ነጂው እሺ ይበል እንቢ ይበል አልሰማሁም፤ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ» አለኝ። «እሺ ብሎኝ ነበር እኮ» አልሁ። «መቼ? እኔ ምንም አልሰማሁም።» «በአንገቱ…» ብዬ ጀመርሁና ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ቀረሁ።

የዛሬው ገለጻዬ ከዚያ የአንገት ንቅናቄ የሚነሣ ነው። መከራከሪያዬን በአጭሩ ላስቀምጥ። የሕዝብ ማመላለሻ ሲወለድ በአብዛኛው በድምፅ የሚሠራ ነገር ነበር። ዘመናዊ እየሆነ በሄደ ቍጥር ድምፁን በጽሑፍ፣ በቍጥርና በምልክት ተካ። ዐይነ ስውሩ ተሳፋሪ ከተሽከርካሪው የወረደው፣ ማለትም ለብቻው ሊጠቀምበት የማይችል የሆነው፣ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደነገጉት ሕጎች በአመዛኙ የጠፋውን ድምፅ ለመመለስ የተደረጉ ጥረቶች ናቸው። ድምፁን የመመለሱ ሥራ ደግሞ በመጨረሻ የሚያርፈው በአሽከርካሪውና በረዳቱ ላይ ነው።

ስሙ የገባው ቃል ኪዳን

ከስሙ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ናንት በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ስታኒስላስ ቦድሪ የተባለ ሰው በፈረስ የሚጎተቱ የሕዝብ ሠረገላዎችን አሰማራ። ሠረገላዎቹ «ኦምኒቡስ» ተባሉ። ቃሉ የላቲን ነው፤ ፍቺውም «ለሁሉም» ማለት ነው። ፈረሱ በሞተር ሲተካ «አውቶ» የሚለው ቃል ከፊት ተጨመረና «አውቶቡስ» ተወለደ። ቃሉን የተነተነ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። «ኦምኒ» የሚለው ክፍል «ሁሉ»ን ያመለክታል፤ «ቡስ» ግን ብቻውን የማይቆም፣ በእኛ ቋንቋ «ለ» የምትለዋን ፊደል ሥራ የሚሠራ የቃል ጭራ ነው። በዘመናት ጉዞ «ሁሉም» ተቈርጦ ወደቀ፤ «ለ» ብቻ ቀረ። ለማን? የሚለውን ጥያቄ እያንዳንዱ ዘመን በራሱ መንገድ መመለስ ነበረበት።

ጥያቄው ከስሙም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1662 ታላቁ የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ብሌዝ ፓስካል በፓሪስ ቋሚ መስመርና ቋሚ ዋጋ ያላቸው የኪራይ ሠረገላዎች እንዲሰማሩ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነው። ይሁን እንጂ የፓሪስ ፍርድ ቤት ወታደሮችና አሽከሮች እንዳይሳፈሩ ከለከለ። የሕዝብ የተባለው ማመላለሻ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ «ሕዝብ ማን ነው?» የሚል ክርክር አብሮት ተወልዷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1829 ጆርጅ ሺሊቢር የተባለ ሰው በለንደን ከፓዲንግተን እስከ ባንክ የመጀመሪያውን ኦምኒቡስ አስጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ተፎካካሪዎች በዙ። በሠረገላው ኋላ የሚቆመው ረዳት የመድረሻውን ስም እየጮኸ መንገደኛ ይጠራ ነበር። የረዳቱ ጩኸት ለገበያ ሲባል የተደረገ ነው፤ ነገር ግን ማንበብ ለማይችለውም፣ ለከተማው እንግዳ ለሆነውም፣ ለዐይነ ስውሩም እኩል ይደርስ ነበር።

በዚህ ላይ የእኛን አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪው በቃሉ የሚይዘውን ትምህርት የሚያጠናው ሌሊት ነው። መብራት የለም፤ መጽሐፍ አይገለጥም፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ዐይናማውና ዐይነ ስውሩ እኩል ናቸው። በዜማና በቅኔ ጉባኤያት ዐይነ ስውራን እስከ መምህርነት የደረሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ትምህርቱ የሚተላለፈው በድምፅ ስለሆነ የዐይን መጥፋት በር አልዘጋባቸውም። ሥራ በድምፅ ሲሠራ የዐይነ ስውርነት ክብደት ይቀንሳል፤ በምልክት ብቻ ሲሠራ ይከብዳል። ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ አውቶቡሱ እንመለስ።

ድምፁ የጠፋበት ዘመን

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የትራንስፖርት ድርጅቶች ወጪ ለመቀነስ ረዳቱን አስወገዱ። በአሜሪካ የጎዳና ባቡሮች ከ1910ዎቹ ጀምሮ በአንድ ሰው ብቻ መነዳት ጀመሩ። በለንደን ከ1960ዎቹ ወዲህ ነጂው ራሱ ገንዘብ የሚቀበልባቸው አውቶቡሶች ተስፋፉ፤ ረዳት የነበራቸው የታወቁት ሩትማስተር አውቶቡሶች ከመደበኛ አገልግሎት የወጡት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ነው። መስመሩ በፊት ለፊት ሰሌዳ ላይ በቍጥር ተጻፈ። ፌርማታው በካርታ ተገለጠ። በሩ በአየር ግፊት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ነጂው መንገዱን እያየ ዝም ብሎ ይነዳል።

ለዐይናማው ተሳፋሪ ይህ ሁሉ መሻሻል ነበር። ለዐይነ ስውሩ ግን አውቶቡሱ ዲዳ ሆነበት። ፌርማታ ላይ ቆሞ የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ የትኛው መስመር እንደሆነ አያውቅም። ከተሳፈረ በኋላ የት እንደደረሰ የሚነግረው የለም። ይህን ያደረገው ክፋት አልነበረም። ሰሌዳውን የነደፉት ሰዎች ዐይነ ስውራንን ለመጉዳት አላሰቡም፤ ጭራሹን ስለ እነርሱ አላሰቡም። በታሪክ ውስጥ ብዙ በደል የሚፈጸመው እንዲህ ነው።

በትሩ ለምን ነጣ?

መኪናው መንገዱን ሲቈጣጠር ዐይነ ስውሩ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ጄምስ ቢግስ የብሪስቶል ከተማ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በአደጋ ዐይኑን ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1921 በቤቱ አቅራቢያ የሚበዛው መኪና ስላሳሰበው መመርኰዣውን ነጭ ቀለም ቀባው። በ1930 በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት፣ ፒዮሪያ በምትባል ከተማ የላየንስ ክለብ ሊቀ መንበር የነበረው ጆርጅ ቦንሃም አንድ ዐይነ ስውር በጥቁር በትር መንገድ ለማቋረጥ ሲቸገር አየ፤ ጥቁሩ በትር ከአስፋልቱ ጋር ስለሚመሳሰል ነጂዎች አያስተውሉትም ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የከተማው ምክር ቤት ነጭ በትር የያዘ ሰው መንገድ የማለፍ ቅድሚያ እንዲሰጠው ደነገገ። በ1931 ፓሪስ ላይ ጊሊ ደርብሞን የተባለች ሴት ነጭ በትሮችን ለዐይነ ስውራን በይፋ አስረከበች። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1964 ኦክቶበር 15 የነጭ በትር ቀን ሆኖ እንዲታሰብ አወጁ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚከበረውም በዚሁ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በትሩ የነጣው ለማን ነው? ለያዘው ሰው ቀለሙ ምንም ፋይዳ የለውም፤ አያየውም። በትር ከጥንት ጀምሮ በዐይነ ስውር እጅ ነበረ፤ አዲሱ ነገር ቀለሙ ነው። ቀለሙም የተቀባው ለነጂው ነው። ነጭ በትር ከዐይነ ስውር ለአሽከርካሪ የተጻፈ ደብዳቤ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ «አላይህምና አንተ እየኝ» ይላል። ስለዚህ የአሽከርካሪው ኀላፊነት በኋላ ዘመን ሕግ አውጪዎች የጫኑበት ሸክም አይደለም፤ በትሩ ቀለም ሲቀባ አብሮ የተጻፈ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ ሪቻርድ ሁቨር የተባለ ሰው በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ዐይናቸውን ላጡ ወታደሮች ረጅሙን በትር ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዙ መሬቱን የመመርመር ስልት አስተማረ። በትሩ ምልክትነቱ እንዳለ ሆኖ እውነተኛ የመንገድ መሣሪያ ሆነ። ዐይነ ስውሩ ያለ መሪ ከቤቱ ወጥቶ ፌርማታ ድረስ መሄድ ቻለ። ከፌርማታው በኋላ ያለው ግን በእጁ አልነበረም።

ከምጽዋት ወደ መብት

ያን ክፍተት በሕግ ቋንቋ የገለጸው ራሱ ዐይነ ስውር የነበረ ምሁር ነው። ያኮበስ ተንብሩክ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌ መምህር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካን የዐይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን ከመሠረቱት መካከል ነው። በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ አካል ጉዳተኛ በዓለም ውስጥ የመኖር መብት እንዳለው ተከራከረ። ነጥቡ ቀላልና ከባድ ነው፦ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በጎዳና ካልተጓዘ፣ ተሽከርካሪ ካልተሳፈረ፣ ሥራ ካልሄደ፣ የተሰጡት ሌሎች መብቶች ወረቀት ላይ ይቀራሉ።

ከዚያ ጽሑፍ እስከ ሕጉ ብዙ ዓመት ወሰደ። በ1990 የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ወጣ፤ ሕጉን ለማስፈጸም በ1991 የወጣው የትራንስፖርት ደንብ ስለ አውቶቡስ ሁለት ነገሮችን ያዛል። አንደኛው፣ ቋሚ መስመር ያለው አውቶቡስ ቢያንስ መስመር መቀየሪያ፣ ዋና መስቀለኛና መድረሻ የሆኑ ፌርማታዎችን በድምፅ ማስታወቅ አለበት፤ ተሳፋሪ ከጠየቀም ሌላውን ማንኛውንም ፌርማታ። ሁለተኛው፣ ከአንድ በላይ መስመር በሚቆምበት ፌርማታ ዐይነ ስውሩ የሚፈልገውን አውቶቡስ የሚለይበት ወይም ነጂው እርሱን የሚለይበት መንገድ መዘጋጀት አለበት። በብሪታንያም ከ1995ቱ የአካል ጉዳተኞች አድልዎ ሕግ ጀምሮ በርካታ ደንቦች ወጥተው፣ በ2023 በአውቶቡስ ውስጥ የድምፅና የጽሑፍ መረጃ እንዲኖር የሚያስገድድ ደንብ ላይ ተደረሰ። እነዚህን ደንቦች ከሺሊቢር ረዳት ጩኸት አጠገብ ብናስቀምጣቸው ታሪኩ ክብ ሠርቶ መመለሱን እናያለን። በ1829 ለገንዘብ ይነገር የነበረው የፌርማታ ስም ከመቶ ስልሳ ዓመት በኋላ በሕግ አስገዳጅነት ተመለሰ።

በእኛ ከተማ

የአዲስ አበባ ታሪክ ከዚህ የተለየ መንገድ ሄዷል፤ ልዩነቱም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በቀድሞው ሥርዓት ዐይነ ስውሩ የሚጓዘው ከመሪ ጋር ነበር፤ የበትሩን አንድ ጫፍ መሪው፣ ሌላውን ጫፍ ተመሪው ይዞ። መሪው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ያ ልጅ ትምህርቱን ትቶ የሌላ ሰው ዐይን ሆኖ ይውላል። በሰበታ የተቋቋመው ትምህርት ቤት «መርሐ ዕውራን» መባሉ የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳያል፤ ዕውቀት ራሱ መሪ እንዲሆን ታስቧል። በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በትምህርት ቤትና በማኅበር የወጣው ትውልድ ያለ መሪ ልጅ ወደ ከተማ መጣ፤ ከተማውም በአውቶቡስ የሚንቀሳቀስ ሆኖ ጠበቀው።

አንበሳ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት የጀመረው በ1935 ዓ.ም.፣ ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ነው። እንደ ሌላው ዓለም መስመሮቹ በቍጥር ተለዩ፤ ቍጥሩም በሰሌዳ ተጻፈ። ትኬት ቆራጭ ግን ነበረ፤ ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው አልጠፋም። ከአውቶቡሱ ጎን ለጎን «ሴይቼንቶ»ው መጣ፤ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት እየተያዩ የሚያወጉበት «ውይይት» ተከተለ፤ ከዚያ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ከተማውን ሞላው። ከሚኒባሱ ጋር ጎዳናው «ወያላ» የሚለው ረዳት መጣ፤ ከረዳቱም ጋር ድምፁ።

ስለዚህ ድምፅ ሁላችንም አማርረናል። ጠዋት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ጆሮ ይበጣል። እኔም ለብዙ ዓመት የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጌ እቈጥረው ነበር። አሁን ግን «ቦሌ፣ ቦሌ፣ ቦሌ!»፣ «ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» የሚለውን ጥሪ ስሰማ ሌሎች በሕግ፣ በበጀትና በክስ ያገኙትን ነገር እኛ በልማድ ይዘነው እንደኖርን አስባለሁ። ረዳቱ ስለ መብት ድንጋጌ ሰምቶ አያውቅም፤ ወንበሩን ለመሙላት ይጮኻል። ጩኸቱ ግን ፌርማታ ላይ ለቆመው ዐይነ ስውር መስመሩን፣ መድረሻውን፣ የበሩን አቅጣጫና የክፍት ቦታውን ቍጥር ሳይቀር ይነግረዋል። «ወራጅ አለ!» የሚለው የተሳፋሪዎች ድምፅም እንዲሁ፤ መውረድ የሚፈልግ ሰው ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። በዐይን የሚፈለግ ቍልፍ የለም።

ይህ ልማድ እየሳሳ መሆኑን ታያላችሁ። በሚኒባሱ ላይ ታፔላ ተሰቅሏል፤ በዋና ዋና መነሻዎች ተሳፋሪው በሰልፍ ቆሞ ስለሚጠብቅ መጥራት የማያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። አዳዲስ አውቶቡሶች በመስታወት ላይ የሚበራ ጽሑፍ ይዘው መጡ፤ የስልክ ክፍያም እየተለመደ ነው። በእነዚህ ነገሮች ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ ሥርዓት ያስፈልገናል። የምፈራው ሌሎች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠሩትን ስሕተት እኛ በ21ኛው ደግመን፣ ድምፁን አጥፍተን፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በብዙ ወጪ መልሰን እንዳንገዛው ነው።

በተለይ አሁን ሕጉ ከእኛ ጋር ስላለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 9 ትራንስፖርት ለአካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት ተደራሽ እንዲሆን ያዛል፤ ስለ ተደራሽነት ሥልጠና እንዲሰጥም ይጠይቃል። ይህ ግዴታ የሚፈጸመው በአንድ ነጂና በአንድ ተሳፋሪ መካከል፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

አሽከርካሪው ምን ያድርግ?

ታሪኩን የዘረዘርሁት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማዘጋጀት ነው። የምለው ሁሉ ልዩ መሣሪያም ሆነ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

በመጀመሪያ፣ ነጭ በትር የያዘ ሰው ፌርማታ ላይ ካየ ይቁም፤ በሩን ይክፈት፤ የመስመሩን ቍጥርና መድረሻውን ጮክ ብሎ ይናገር። ሰውየው እጁን ባያነሣም ይቁም፤ የትኛው አውቶቡስ እንደመጣ ሳያውቅ እንዴት እጁን ያነሣል? ከሌላ አውቶቡስ ኋላ ተሰልፎ ተሳፋሪ ካወረደ ደግሞ ፌርማታው ላይ ሲደርስ እንደገና ይቁም፤ ዐይነ ስውሩ ከኋላ የቆመውን አውቶቡስ ሊያውቅ አይችልምና።

ሁለተኛ፣ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ይቁም። በከተማችን ክፍት ቦይና ክዳን የሌለው ጕድጓድ ብርቅ አይደለም። ከጠርዙ ራቅ ብሎ የቆመ አውቶቡስ ለዐይናማው አንድ ሰፊ እርምጃ ነው፤ ለዐይነ ስውሩ ግን ጥልቀቱን የማያውቀው ገደል ነው።

ሦስተኛ፣ ሰውየውን ራሱን ያነጋግር። አጠገቡ ሰው ቢኖርም «የት ነው የሚወርደው?» ተብሎ ሌላ ሰው አይጠየቅ፤ «ጋሼ፣ የት ይወርዳሉ?» ይባል። ዐይኑ የማያይ ሰው ጆሮው ይሰማል፣ አንደበቱም ይናገራል።

አራተኛ፣ ሳይጠይቅ አይንካው። ብብት ሥር ይዞ መግፋት፣ በትሩን ይዞ መጎተት እርዳታ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚገፋ ሰው እግሩ ምን ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም። «ልርዳዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ እሺ ካለም ክንድን አቅርቦ እርሱ እንዲይዝ ማድረግ ይገባል። ያን ጊዜ የመሪው አካል እርምጃውን ይነግረዋል። ደረጃ ካለ «ደረጃ አለ፣ ወደ ላይ ነው» ማለት፣ መያዣውን ብረት ወይም የወንበሩን መደገፊያ በእጁ ማስነካት ይበቃል።

አምስተኛ፣ ተቀምጦ ወይም ብረቱን ጨብጦ ሳይጸና አይነሣ። ዐይናማው ተሳፋሪ የነጂውን እጅ አይቶ ለመነቃነቁ ይዘጋጃል፤ ዐይነ ስውሩ ይህ ዕድል የለውም።

ስድስተኛ፣ «እዚያ» እና «እዚህ ጋ» የሚሉትን ቃላት ይተው። ጣት የሚያመለክተውን ዐይነ ስውር አያይም። «ከኋላዎ በስተቀኝ በኩል ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው» ይበል። መልስ ሲሰጥም የብሩን ዓይነት እየጠራ ያስረክብ፦ «ይህ ሃምሳ፣ ይህ አሥር።»

ሰባተኛ፣ ፌርማታውን በስሙ ይጥራ። ቢቻል ሁሉንም፤ ባይቻል ዋና ዋናዎቹን። ተሳፋሪው የሚወርድበትን ከነገረው ደግሞ አይርሳ፤ ቢያልፍ ሳይሸፋፍን ወዲያው ይንገረው። መንገድ ተዘግቶ ከተለመደው ስፍራ ውጭ የሚያወርደው ከሆነ የት እንዳለና ወደየት መዞር እንዳለበት ይግለጽለት። ዐይነ ስውር መንገዱን በጭንቅላቱ ካርታ ይዞ ነው የሚሄደው፤ መነሻ ነጥቡ ከተሳሳተ ካርታው ሁሉ ይሳሳታል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ስለ ሒሳብ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ረዳቶቻችን ዐይነ ስውር ሲሳፈር «ይተዉት ፋዘር፣ አይክፈሉ» ይላሉ። ይህን ደግነት የሚያናንቅ ልብ የለኝም፤ ከረጅም የምጽዋት ባህላችን የመነጨ ነው። ነገር ግን ያስተማርኋቸው ዐይነ ስውራን ተማሪዎች በየጊዜው የነገሩኝን አንድ ነገር ማሰማት አለብኝ። በትሩን አይቶ የማይከፍል ለማኝ ነው ብሎ የሚያስብ ረዳት ደስ ባለው ቀን በነጻ ያሳፍራል፤ በቸኰለበት ቀን ደግሞ በዚያው ግምት ትቶ ያልፋል። ምሕረቱም ንቀቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የከፈለ ተሳፋሪ ግን «ለምን አለፍኸኝ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ረዳቱ ሒሳቡን ይቀበል፤ ደግነቱንም ፌርማታውን በመጥራት ያሳይ።

ለነጂዎች ፍትሐዊ መሆንም ይገባናል። በየቀኑ ከሚገጥማቸው መጨናነቅ፣ ከገቢ ግዳጅና ከተሳፋሪ ጭቅጭቅ ጋር ይህን ሁሉ ብቻቸውን እንዲሸከሙ መጠየቅ አይቻልም። የመንጃ ፈቃድ የሚያሠለጥኑ ተቋማት በትምህርታቸው ውስጥ ሊያስገቡት፣ ቀጣሪዎች ለመቆሚያ የሚጠፋውን አንድ ደቂቃ እንደ ጥፋት ሊቈጥሩት አይገባም። ሥልጠናውን የሚሰጡትም ዐይነ ስውራን ራሳቸው ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ዐይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ፌርማታ ላይ ለአሥር ደቂቃ የቆመ ነጂ ከእኔ የአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ይረዳል።

ጓደኛዬ ትምህርቱን ጨርሶ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። አሁንም በአውቶቡስ ይሄዳል። ይህን ገለጻ ሳዘጋጅ ደውዬ ያን ቅዳሜ እንደ ምሳሌ ላነሣው ፈቃዱን ጠየቅሁት። ሣቀና «አንሣው፤ ግን ነጂውን ብቻ እንዳትወቅስ» አለኝ። ልክ ነው። ነጂው አንድ ፌርማታ ረሳ። ብብቱ ሥር ይዤ የገፋሁት፣ በእርሱ ፈንታ የተናገርሁት፣ አንገት መነቅነቅን እንደ መልስ የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ። ወደ ነጂው ሄጄ «ይንገሩት» ከማለት ይልቅ ሁለቱን አነጋግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ነጂው «እሺ፣ እነግርሃለሁ» ይለው ነበር፤ ቃል የሰጠ ሰው ደግሞ ከነቀነቀ ሰው ይልቅ ያስታውሳል።

ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ፌርማታ ላይ ስትቆሙ አጠገባችሁ ነጭ በትር የያዘ ሰው ካለ፣ የሚመጣውን አውቶቡስ ቍጥር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ነጂው እስኪማር ድረስ ያን ያህል ማድረግ እንችላለን።